ሙት ወቃሽ

እትዬ የሻይ ትሪዋን ይዛ ክፍሉን ዞረች። ለጎረቤታቸው ለጫማ ሰፊው ሰጠች፣ ለአጎቷ ሰጠች፣ ከአውቶቡስ ዴፖው ለመጡት ባልደረቦቿ ሰጠች። በሩ ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ጋ ስትደርስ ትሪዋ ላይ አንድ ብርጭቆ ቀርቶ ነበር። ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። እሷ ብርጭቆውን ከነእንፋሎቱ ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰችና ሻዩን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

ሻዩ ሲፈስ ድምፁ እስከ ሳሎን ተሰማ። ወሬው ቆመ።

«አንዳንድ ሰው አለ» አለ አጎቷ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሁሉ ስኳሩን እያማሰለ። «ሰው ገደል ሰድዶ ሲያበቃ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ወንበር ይይዛል።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ እንጂ አልተነሳም። ጫማ ሰፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ አየሩ ሊያወራ ጀመረና ግማሽ መንገድ ላይ ተወው።

በርጩማው ላይ የተቀመጠው ሰው ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው። ሁሉም የሚያውቀው «አሰልጣኙ» በሚለው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሰብስቦ ከከተማው ዳር ወዳለው ትልቁ ፓርክ ይወጣል። ሐኪም «ተራመዱ» ያላቸው፣ ቢሮ ተቀምጠው ወገባቸው የተያዘ፣ ብቸኝነት የሰለቻቸው፣ እንዲሁ አረንጓዴ ማየት የሚወዱ ሰዎች ይከተሉታል። ባለፈው ቅዳሜም ክረምቱ እግሩን ሲያነሳ፣ ጸደይ ሲገባ ጠብቀው ወጡ። ወደ ማታ ሲወርዱ አንድ ሰው ጎድሏቸው ነበር። የጎደለው የእትዬ ታናሽ ወንድም ነው።

ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ የራሱ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ኖሮት እንኳ ሰው ሁሉ «ማሙሽ» ነበር የሚለው። «እትዬ» የሚለውን ስም ለእህቱ ያወጣላትም እሱ ነው። አፉን ሲፈታ እንደዚያ ብሎ ጠራት። ከዚያ እናቷ፣ ከዚያ ሰፈሩ፣ በኋላም ዴፖው ውስጥ አባቷ የሚሆኑ መካኒኮች ሳይቀሩ «እትዬ» አሏት። ስለዚህ ሰሞኑን ሰው በጠራት ቁጥር ከጠሪው ድምፅ ሥር የሱ ድምፅ ይመጣባታል።

«ስልኬን ስንት ጊዜ ሠርቶልኛል» አለች አንዲት አሮጊት ጎረቤት። «ሂሳብ ስለው ‹እማማ፣ ምርቃት ይበቃኛል፤ ግን ረዘም ያለ ይሁን› ይለኝ ነበር።»

ሰው በእንባው መሀል ሳቀ። ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ የተኛችው እናቷ እንኳ ትከሻዋ ተነቃነቀ። እትዬ ግን የበርጩማውን ሰውዬ እያየች ነበር። እሱ አልሳቀም። ባለመሳቁ ተናደደች። ቢስቅም ትናደድ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ሁሉንም ጭና የወሰደቻቸው እሷው ናት። የምትነዳው የከተማ አውቶቡስ የመጨረሻ ፌርማታው የፓርኩ በር ነው። አስፋልቱ ገና እርጥብ ነበር፤ ሰማዩ ግን ታጥቦ እንደተሰጣ ጨርቅ ጠርቶ፣ ከመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ጫፍ ጫፋቸው ላይ አረንጓዴ ጀምረዋል። ቡድኑ ወፍራም ጫማውን እያንኳኳ፣ የጀርባ ቦርሳውን ከመቀመጫ መቀመጫ እያጋጨ ገባ። ማሙሽ ከሁሉም ኋላ ገብቶ በሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«ግባ፣ ልዘጋው ነው» አለችው በመስታወቱ እያየችው።

«ዝጊው። ከተቆረጥኩ የላዩን ለእማዬ አድርሺላት፤ አፍ ያለው እሱ ነው» አላት።

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አሰልጣኙ ከመቀመጫው ተነስቶ ክንዱን ያዘውና ወደ ውስጥ ሳበው። ማሙሽም እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠው። ሰው እንደገና ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ከንፈሯን ነከሰች።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዶ መስኮቷን አንኳኳ። «አንድ ቅዳሜ ትመጫለሽ። ይቺን መሪ ስታዞሪ ምድር አረንጓዴ ለብሳ ታልፍሻለች።»

«ሥራ አለኝ» አለችው። አውቶቡሱን ወደ ኋላ መመለስ ስለነበረባት ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነበር። ፊቱን አላየችውም።

አሁን ያቺን ጥቂት ሰከንድ እያሰበች አንጀቷ ያርራል። የሚያርርበት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ በሩ ሥር ተቀምጦላታል።

ጎረቤቶቹ ለምሳ ሲበተኑ አጎቷ ተከትሏት ወደ ጓዳ ገባ። የእናቷ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የዳኛ ካባ ሳይለብስ የዳኛ ድምፅ የለመደ ሰው። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«መርማሪው ነገ ከሰዓት እዚህ ይመጣል» አላት። «ሰውዬው ‹እኔ ነኝ የመራኋቸው› ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ያ ብቻውን ግን ቸልተኝነት ነው። ሽማግሌ ነው፣ መምህር ነበር ይሉና በጥቂት ወራት ይለቁታል። የተዘጋ መንገድ መሆኑን እያወቀ እንዳስገባቸው የሚመሰክር ሰው እንፈልጋለን።»

እትዬ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። «የቡድኑ ሰዎች አሉ አይደል።»

«እነሱማ አፋቸውን ለጉመዋል። በቀብሩ ቀን አላየሻቸውም? አንዳቸውም የእናትሽን ዓይን አላዩም። የዘየዱት ነገር አለ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ጭነሻቸዋል። ሰውዬው አውቶቡሱ ውስጥ ‹ዛሬ በተዘጋው ነው የምንሄደው› ሲል ሰምተሻል።»

አልሰማችም። ሰውዬው መንገዱን ሙሉ በመስኮት ከማየትና ወንድሟን ወደ ውስጥ ከመሳብ በቀር ያደረገው ነገር አልነበረም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ አጎቷ ግን ማጭዱን ስሎ እጀታውን አቀበላት።

«ሰምቻለሁ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አልከበዳትም። እንዲያውም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ ያገኘች መሰላት።

ወደ ማታ ላይ አሰልጣኙ ተነስቶ ሲወጣ ከኋላው ወጣች። አጥሩን አልፎ ከፋርማሲው ፊት ለፊት ሲደርስ ደረሰችበት።

«አንተ» አለችው። አባቷ የሚሆን ሰውን «አንተ» ስትል በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። «ለምንድነው የምትመጣው?»

አሰልጣኙ ቆመ። «ልጅ ወስጄ ሳልመልስ ቀረሁ። ሌላ የምሄድበት ቦታ የለኝም።»

«እስር ቤት አለልህ።»

«እሱም ይደርሳል።»

«እናቴ ባየችህ ቁጥር ልጇ እንደ አዲስ ነው የሚወድቀው። ነገ ይሄን ደጅ ብትረግጥ ሰው ፊት ነው የማዋርድህ።»

«እሺ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ።»

«እሺ» አለና ኮፍያውን አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ። ሊከራከራት ቢሞክር፣ ቢቆጣ፣ ቢያለቅስ ይሻላት ነበር። ግድግዳ ስትገፋ እንደዋለች ሁሉ ክንዷ ዝሎ ተመለሰች።

በማግስቱ ከማንም ቀድሞ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ይሄ ሰውዬ ደረቅ ነው» አለች አሮጊቷ ጎረቤት ለጫማ ሰፊው በሹክሹክታ።

«ወይም ጥፋቱን ያውቃል» አለ ጫማ ሰፊው።

«ጥፋቱን የሚያውቅ ይሸሻል እንጂ በየቀኑ ይመጣል?»

ጫማ ሰፊው አሰበበት። «ዝም አይነቅዝም ብሎ ይሆናላ» አለ።

እትዬ ሰማቻቸው። ያልሰማች መስላ የወንበር ትራስ አስተካከለች።

ረፋዱ ላይ ፋርማሲስቷ መጣች። ማዶ ካለው ፋርማሲ የምትሠራ፣ መነጽር የምታደርግ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት ይዛ ነው የመጣችው። እሷም ከተጓዦቹ አንዷ ነበረች። እትዬ መድኃኒቱን ተቀብላ «አመሰግናለሁ» ማለት ሲገባት እጇን ያዘችና በጓሮ በር አወጣቻት። ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር ቆሙ።

«ሁላችሁም ወርዳችኋል» አለቻት። «አንድ ሰው እግሩን እንኳ አልተወለከፈም። እሱ ብቻ እንዴት ቀረ?»

ፋርማሲስቷ መነጽሯን አወለቀች። «አሰልጣኙ አትናገሩ ብሎናል።»

«ይበላችኋ። ራሱን ሊያድን ነዋ።»

«ራሱን ሊያድን?» ፋርማሲስቷ የምትስቅ መሰለች፤ ፊቷ ግን ተጨማደደ። ከዚያ አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት።

መንገዱ እስከ ላይኛው ሜዳ ድረስ እንዲያ ውብ ሆኖ አያውቅም ነበር አለች። ጅረቶቹ ሞልተው ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላሉ፤ ከየቋጥኙ ሥር ቢጫ አበባ ብቅ ብቅ ብሏል፤ ሰው እያወራ ቆይቶ ሳያውቀው ዝም ይላል። ማሙሽ ከፊት ነበር። የአንዷን ቦርሳ ደርቦ ተሸክሞ፣ የደከመውን እያሳቀ፣ ከፊት። ወደ ፏፏቴው የሚያወርደው መንገድ ጋ ሲደርሱ በገመድ ተዘግቶ አገኙት። ዳገቱ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነበር። «አደገኛ ነው፣ ማለፍ ክልክል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሁሉም ቆመው አሰልጣኙን መጠበቅ ጀመሩ።

«መሪያችሁ አይደል እንዴ፤ የት ሄዶ ነው የምትጠብቁት?»

«ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚሄደው።»

እትዬ ይሄን ታውቃለች። ማሙሽ ራሱ ነግሯታል፤ አንድ እሁድ ዴፖው ድረስ ትኩስ ዳቦ ይዞላት መጥቶ፣ የመሪው መቀመጫ ላይ ወጥቶ ጥሩንባውን እየነካካ፦ «መሪ ይሉታል፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። የደከመው ሰው ወደ ኋላ ሲቀር የሚያገኘው እሱን ነው።»

«ማሙሽ ገመዱን ዘለለው» አለች ፋርማሲስቷ። «ጭቃውን እየረገጠ ‹ይሄ ገመድ ለከብት ነው› አለን። እኛ ስንፈራ ጊዜ ሳቀብን። ‹ፈሪ ለእናቱ ነው። ለእናቱ የሆነ ይቁም፣ ፏፏቴ የሚያምረው ይምጣ› አለ። ሁለት ልጆች ተከተሉት። እኔም ተከተልኩት። ለምን እንደተከተልኩት አላውቅም። እሱ ሲጠራ… ታውቂዋለሽ።»

እትዬ ታውቀዋለች። «ፈሪ ለእናቱ» ሲል ድምፁ እንዴት እንደሚቀጥን፣ ቅንድቡ እንዴት እንደሚነሳ ታውቃለች። መጀመሪያ የሰማችው የጎረቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው። እሱ እዚህ ግባ የማይባል ሕፃን፣ እሷ ከሱ ጥቂት የምትበልጥ፣ ከታች ሆና «ውረድ» እያለች፤ እሱ የዛገው ቆርቆሮ ላይ እየጨፈረ «ፈሪ ለእናቱ» ሲላት። ቆርቆሮው ተቀደደና ጎረቤት አልጋ ላይ ወደቀ። አባታቸው ቀበቶውን ይዞ «ማነው?» ሲል ማሙሽ በትልልቅ ዓይኖቹ አያት። «እኔ ነኝ» አለች። እናቷ ምድጃው ጋ ቆማ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። እውነቱን ታውቃለች፤ ቢሆንም ዞራ አላየችም። ሲመሽ ማሙሽ ወደ አልጋዋ ሾልኮ መጥቶ፣ የሰንበሩን ቦታ እየፈለገ «እፍ፣ እፍ» አላት። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር «እኔ ነኝ» ብላለች። የተሰበረ መስኮት፣ የጠፋ ብስክሌት፣ ትምህርት ቤት የተነሳ ጠብ። ስታድግ አስተካክላ የምትነዳ፣ መስመሯን የማትስት፣ መብራት የማትጥስ ሴት ሆነች። እሱ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወደው ሰው ሆነ።

«ከዚያስ?» አለች።

«አሰልጣኙ ደረሰ። ጮኸብን። ገመዱን አልፎ መጥቶ እኔን በክንዴ ጎትቶ አወጣኝ፤ ልጆቹንም እየገፋ አስወጣቸው። ማሙሽ ግን ወደ ቋጥኙ ሄዶ ነበር። ‹እዚህ ጋ መጥታችሁ እዩ› አለ። ከዚያ መሬቱ ከሥሩ ሄደ። እንደ ገንፎ ነው የሄደው፣ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። አሰልጣኙ በሆዱ ተኝቶ እጁን ያዘው። ረጅም ጊዜ ያዘው። ሲነጋገሩ ነበር፣ እኛ አልሰማንም። እኛ የአሰልጣኙን እግር ይዘን ነበር። ጭቃ ነበር፣ እትዬ። ሁለቱም እጃቸው ጭቃ ነበር።»

ከገመዱ ላይ የተሰጣ አንሶላ በነፋስ ተነስቶ በመሀላቸው አለፈ።

«ስንወርድ ‹ለእናቱ ይሄን አትንገሯት። የመራኋችሁ እኔ ነኝ› አለን።»

«ውሸታም» አለቻት እትዬ። ድምፅዋ ግን እንዳሰበችው አልወጣም። «ከዚህ ግቢ ውጪልኝ።»

ፋርማሲስቷ መነጽሯን አደረገች፤ አልወጣችም። ጓዳ ገብታ ያደሩትን ብርጭቆዎች ማጠብ ጀመረች። እትዬም ልታስወጣት ጉልበት አጣች። አንሶላዎቹ ሥር ብቻዋን ቆማ፣ ማንን እንደምትጠላ ፈለገች። መጀመሪያ ፋርማሲስቷን ሞከረች። ከዚያ አሰልጣኙን። የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ ቀብረውታል። «አንተ ባለጌ» አለችው በለሆሳስ። «አንተ ባለጌ፣ እማዬን ምን ልበላት?»

መርማሪው ከሰዓት በኋላ መጣ። ጫማው ላይ የፓርኩ ጭቃ ደርቋል፤ ደክሞታል፤ ወንበር ሲሰጡት ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። አጎቷ ለዚህ ብሎ ያመጣቸው ዘመዶች ከበው ቆመዋል። አሰልጣኙ በቦታው አለ።

«ሾፌሯ እርስዎ ነዎት?» አላት መርማሪው።

«እኔ ነኝ።»

«አውቶቡሱ ውስጥ የሰሙት ነገር እንዳለ አጎትዎ ነግረውኛል።»

እትዬ ወደ አሰልጣኙ ዞረች። ከቀብሩ ወዲህ ፊቱን በቅጡ ስታየው ገና አሁን ነው። ትከሻውን ሰብስቦ፣ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የሚመጣውን ይጠብቃል። ይህን ሁኔታ ታውቀዋለች። ከቀበቶ በፊት ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

«ምንም አልሰማሁም» አለች።

አጎቷ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እትዬ።»

«ምንም አልሰማሁም። ገመዱን የተሻገረው ወንድሜ ነው። ሌሎቹን የጠራቸውም እሱ ነው። እኚህ ሰው ከኋላ ነበሩ። የተከተሉትን መልሰው፣ እሱን ሊይዙ ነው የገቡት።»

«ልጅቷ እዚያ አልነበረችም» አለ አሰልጣኙ ተነስቶ። «የመራሁት እኔ ነኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ይብቃዎት» አለችው እትዬ። «በማሙሽ ጥፋት መገረፍ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ በልጅነቴ ጀምሬው ነው፤ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ አይጀምሩት።»

ፋርማሲስቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች ከጓዳ ወጣች። «እውነቷን ነው። ገመዱን ከተሻገሩት አንዷ እኔ ነኝ» አለች። መርማሪው ዞሮ አያት፤ ወደ ውጭ እንድትከተለው በእጁ ምልክት ሰጣት። ሁለቱም ወጡ።

«ሙት ወቃሽ» አለ አጎቷ። ድምፁ የዳኛ አልነበረም፤ ተንቀጠቀጠ። «የወንድምሽ አፈር እንኳ ሳይደርቅ። በሰው ፊት። ሙት ወቃሽ።»

ዘመዶቹም ተቀበሉት። አንዱ «ነውር ነው» አለ፤ አንዷ ደረቷን መታች። የእትዬ ዓይን ፍራሹ ላይ ነበር። እናቷ ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተነስታ ተቀመጠች።

«ቀንተሽበት ኖርሽ» አለች እናቷ። አልጮኸችም። «ከተወለደ ጀምሮ ቀንተሽበት ኖርሽ። አሁን አፈር ገብቶም አልተውሽውም?»

«እማዬ…»

«ከፊቴ ዞር በይ።»

እትዬ ወጥታ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ያንገበገባት ሐሰት ስለሆነ አልነበረም። ቀንታበታለች። ጣሪያ ላይ ሲጨፍር ሰው የሚያጨበጭብለትን፣ ቤት ሲገባ እናቱ የምትነሳለትን ልጅ ማን አይቀናበትም። ቀንታበታለች፣ ወድዳዋለች፣ አሁን ደግሞ ተቆጥታዋለች፤ የሚሰማት ግን እሱ የለም።

ያን ቀን ሰው በጊዜ ተበተነ። አጎቷ በሩን አጋጭቶ ወጣ፤ ዘመዶቹም ተከተሉት። ጫማ ሰፊው ብቻ ሲወጣ የእትዬን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

በማግስቱ ቤቱ ባዶ ዋለ። የተውሶ ወንበሮቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደርድረው ማንም አልተቀመጠባቸውም። አሮጊቷ ጎረቤት እንኳ በመስኮት «አይዟችሁ» ብላ አለፈች። እናትና ልጅ ቃል ሳይለዋወጡ ረፈደ። እትዬ ዳቦ ቆርሳ አቀረበችላት፤ እናቷ አልነካችውም። መድኃኒቷን ከውሃ ጋር አቀረበችላት፤ ያንን ግን ፊቷን አዙራ ዋጠችው። እትዬ ከነገ ወዲያ ሥራ እንደምትገባ ለዴፖው ስልክ ደወለች። ድምፅዋን የሰማው ሰው «እትዬ» ሲላት ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

ፀሐይዋ በሳሎኑ መስኮት ስትገባ እናቷ ተናገረች።

«ያ ሰውዬ ዛሬ አልመጣም።»

እትዬ ለሷ መሆኑን እስክታውቅ ጥቂት ቆየች። «አልመጣም» አለች።

«ጥሪው።»

ድምፅዋ ደረቅ ነበር። እትዬ ለምን እንደምትፈልገው ልትጠይቅ አስባ ተወችው። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ሩቅ አልሄደችም። አሰልጣኙ ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ እንደነበር ከጎኑ የተቀመጠው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይናገራል። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ፣ እሱ አልተነሳም።

«እናቴ ትፈልግዎታለች» አለችው።

«ትርገመኝ። ይገባኛል።» ሊነሳ ሞከረና መልሶ ተቀመጠ። «አንቺ ግን ጥሩ አላደረግሽም። አደራ ነበረብኝ።»

«የማን አደራ?»

አሰልጣኙ ወደ አስፋልቱ አየ። «እጁን እንደያዝኩት መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። ‹ጋሼ፣ ለእትዬ እንዳይነግሩብኝ፣ ትገድለኛለች› አለኝ። እኔም አልነግርም አልኩት። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት የጠየቁትን ሁሉ እሺ ይላል። ኋላ ሳቁን ሲያቆም ግን ሌላ ቃል አልተናገረም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

እትዬ ፌርማታው ላይ ተቀመጠች። ሌላ አውቶቡስ መጣ፤ የሚነዳው ባልደረባዋ አይቷት ጥሩንባውን በስሱ ነፋላት። ሰላምታውን መመለስ አልቻለችም። እንባዋ መጣ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አሰልጣኙ አላባበላትም። ከጎኗ ዝም ብሎ፣ ሰው ከኋላ ሆኖ የደከመን እንደሚጠብቅ፣ ጠበቃት። ሲበቃት ፊቷን በእጅጌዋ ጠራርጋ «እንሂድ» አለችው።

እናቷ ሻርፗን አስተካክላ ፍራሹ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አገኟት። አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ወደ በርጩማው ሊሄድ ሲል አስቆመችው።

«ይምጡ ወዲህ።»

መጣ። ፊት ለፊቷ ሲቆም ቁመቱ ስላስቸገራት በዓይኗ ወለሉን አሳየችው፤ እያቃሰተ ተንበረከከ። ለረጅም ጊዜ ፊቱን አየችው። እትዬ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ጥላቻ በእናቷ ዓይን ላይ አይታ አታውቅም።

«በየትኛው እጅዎ ነው የያዙት?» አለችው።

አሰልጣኙ ወደ እትዬ ዞሮ አያት። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋ። የእጁ አንጓ በቋጥኙ ጠርዝ ተልጦ ገና አልሻረም፤ ጣቶቹም በደንብ አይዘረጉም።

እናቷ እጁን በሁለት እጇ ተቀበለች። ገለበጠችው፣ መዳፉን ከፈተችው፣ በአውራ ጣቷ ከጣት ጣቱ መሀል ፈለገች። ከዚያ ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ የጨቅላ አናት እንደሚሸተት፣ ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው።